ጥለቱ ወደ ላይ

የእህቴ ልጅ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችው በየካቲት መጨረሻ ነው። ሻንጣዋን አልጋ ላይ ከፍታ ለአገር ቤት ብላ የሸመተችውን ታሳየኝ ጀመር፤ ጉልበቱ ላይ ዚፕ ያለው፣ ሲፈለግ ቁምጣ የሚሆን ሱሪ፣ ላብ ቶሎ ይደርቅበታል የተባለ ሸሚዝ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ አመድማ ቀሚስ፣ ተጣጥፎ መዳፍ የሚያክል ሻርፕ። ስልኳ ላይ ደግሞ ዝርዝር አለ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ገላ ላይ የሚጣበቅና የሚያሳይ ልብስ ይቅር፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ለመግባት የራስ መሸፈኛ አይጥፋ፣ ጫማ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። ፀሐይ ወደበረታበትና ሰው ወግ ወደሚያጠብቅበት አገር ለሚሄድ መንገደኛ የሚሰጠው ምክር ከካይሮ እስከ ዛንዚባር ይኸው ነው፤ ስህተትም የለበትም። እኔን ያሳሰበኝ የማግስቱ መንገድ ነበር። የምንሄደው ተጂ፣ ለቅሶ ልንደርስ ነው፤ የባለቤቴ አክስት አርፈው ሳምንት ሊሆናቸው ነው። ስለ ለቅሶ ቤት ዝርዝሩ ምንም አይልም።

"አክስቴ፣ ታዲያ የቱን ልልበስ?" አለችኝ።

"ቀሚሱን ልበሺ። የቀረውን እኔ አመጣለሁ" ብያት ከሣጥኑ ሥር የእናቴን ነጠላ አወጣሁ።

ተቀብላ ዘረጋችው፤ ወዲያው ደግሞ መልሳ አጠፈችው። "ይሄማ ይቆሽሽብሻል።"

"ታጥቦ ታጥቦ ነው እዚህ የደረሰው።"

እዚህ ላይ ስለ ነጠላው ላውራ፤ ተጂ የትም አይሄድም።

ስሙ ነጠላ ይሁን እንጂ ሁለት ንብርብር ነው፤ ጋቢ አራት እንደሚሆነው። መስኮት ላይ ዘርግቶ ወደ ብርሃን ለሚያየው፣ ሁለቱ ስስ ሽፋኖች አንዱ በአንዱ ላይ ሲንሸራተቱ ነፋስ የነካው ኩሬ ዓይነት ነገር ይሄድበታል። ጠጋ ብሎ ለሚያይ ክሩ እኩል አይደለም። ስንዝር ያህል ቀጥኖ ይሄድና ድንገት ወፈር ይላል፣ ከዚያ እንደገና ይቀጥናል። ጉድለት ነው የሚል አይጠፋም። ለእኔ ግን ወፈር ያለው ቦታ ሁሉ እናቴ ከሥራዋ ቀና ብላ ሰው ያናገረችበት ይመስለኛል። ሰው ታበዛ ነበር።

የምትፈትለው ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው ከተነሣ ወዲያ ነበር። ጥጡ ፍሬው በመዳመጫ ወጥቶለት፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ በሰፌድ ይቀመጥላታል። ከባዘቶው ቆንጠር አድርጋ ከእንዝርቷ ጫፍ ታያይዘዋለች። እንዝርቷን ጭኗ ላይ በመዳፏ ገፋ አድርጋ ታሾራትና ትለቃታለች። እንዝርቷ አየር ላይ ስትሾር ግራ እጇ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ጥጡ በጣቶቿ መሐል እየቀጠነ ክር ሆኖ ይወርዳል። ሙያው ሁሉ ያለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ባለችው ቦታ ነው። ትንሽ ጠበቅ ስታደርገው ክሩ ይበጠሳል፤ ትንሽ ስትለቀው ጉብ ጉብ ይላል። ልጅ ሆኜ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ የእኔ ክር ጫማ ለማሰር እንኳ አይሆንም ነበር። እሷ ግን ዐይኗን በር ላይ ጥላ፣ የሚወጣውን የሚገባውን እየጠራች ልቃቂቱን ትሞላዋለች። ለዚህ ነጠላ የሚሆነውን ከመስቀል ማግስት ጀምራ ጨርሳ ያነሣችው ጥምቀት ሲቃረብ ነው፤ በትርፍ ጊዜዋ መሆኑን ሳትረሱ።

ጥጥ እዚህ አካባቢ ሥሩ ሩቅ ነው። ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ አጠፋሁት ብሎ ከቆጠረው ውስጥ የእህልና የጥጥ ክምችት አለበት። ለጠላት ከእህሉ ጎን የሚጠፋበት ጥጡ ከሆነ፣ ጥጥ ያኔም የዋዛ ንብረት አልነበረም ማለት ነው።

ድሩ የእናቴ እጅ አይደለም። ዛሬ ፈትል በሚባለው የአገር ልብስ አብዛኛው ላይ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ምክንያቱን ሸማኔው ዘንድ ቆሞ ያየ ሰው ሳይነግሩት ይገባዋል። ድሩ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ነው የሚውለው፤ እያንዳንዱ እግር ሲረግጥ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይታሻል። ወፈር ቀጠን የሚል ክር ይህን ሁሉ አይችልም፤ ቀጠን ያለው ቦታ ላይ ይበጠሳል። ማጉ ግን የሚወጥረው የለም። ገብቶ ይተኛል። ስለዚህ ለስላሳው፣ አየር የያዘው፣ የእናቶች እጅ ያለበት ክር በማግ በኩል ይገባል፤ ገላን የሚያለሰልሰውም እሱ ነው። ከፋብሪካ ክር የሚሠራውን፣ ነጋዴዎቹ "ሳባ" ወይም "መነን" የሚሉትን ዐይነት ከፈትሉ ጎን አስቀምጣችሁ በጉንጫችሁ ንኩት። በጣት መንካት አይበቃም፤ ጣት ዕቃ ሲያነሣ ስለሚውል ደንድኗል።

ሸማኔውን ያገኘነው ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከዋናው መንገድ በስተጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ። እንደ አብዛኞቹ የሰፈሩ ሸማኔዎች የጋሞ ደጋ ሰው ነበር፤ አባቱ ከጨንቻ በላይ ሆነው ያስተማሩትን ነው የሚሠራው። አዲስ አበቤ "ዶርዜ" ሲል ሸማኔ ማለቱ እስኪሆን ድረስ ሙያውና ሕዝቡ አንድ ስም ይዘዋል። ስሙ በአድናቆት ብቻ አልተጠራም። ሸማኔን በሙያው መስደብ የቆየ ነውራችን ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ባለ እጆችን መስደብ ከልክለዋል፤ አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ በዝቶ እንደሆነ ግልጽ ነው። ሸማውን ለብሶ ክርስትና የሚነሣ፣ የሚዳር፣ የሚቀበር ሕዝብ የሸመነውን ሰው ከማዕዱ ያራቀበትን ዘመን ሳስብ፣ ምን ዐይነት ዐይን ነው ጥበቡን አይቶ እጁን የማያይ እላለሁ።

ክፍሉ መብራት ነበረው፣ ግን እሱ የተቀመጠው በሩ ብርሃን ላይ ነው። ጉድጓድ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለት እግሩ ወደ ታች፣ መርገጫው ላይ ነው። ድሩ ከፊቱ ጀምሮ እስከ ግድግዳው ተወጥሯል። ቀኝ እግር ሲረግጥ የድሩ እኩሌታ ይነሣል፤ በተከፈተው አፍ መወርወሪያው ያልፋል። ማጉ ይመታል። ግራ እግር ይረግጣል። ላይ ታች የሚል ሰው "እንደ ሸማኔ መወርወሪያ" ይባላል፤ ብሂሉን ያወጣው ሰው ግን ከሩቅ ነው ያየው መሰለኝ። መወርወሪያው አይቸኩልም። በየዳሩ እጅ ውስጥ ገብቶ ለአንድ ትንፋሽ ያርፋል፤ በዚያች ዕረፍት ሸማኔው ክሩን ሳብ አድርጎ ዳሩን ያስተካክላል። ዳሩ ጠብቆ ወደ ውስጥ ከገባ ጨርቁ መሐሉ ሰፍቶ ጫፉ ይጠባል፤ ከላላ ደግሞ ዳሩ ይረግባል። የነጠላ ዳር እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ብሎ ከታያችሁ፣ ሺህ ጊዜ ያረፈ እጅ ነው የምታዩት።

አመታቱ ደግሞ ሌላ ነው። መሐሉን ነጩን ሲሠራ ማጉን የሚመታው በለሆሳስ ነው፤ በክሮቹ መሐል አየር እንዲቀር ይፈልጋል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ አጥብቆ ይመታል። አንዱ ጨርቅ ላይ ሁለት ዐይነት ክብደት አለ ማለት ነው፤ ነጠላ ከትከሻ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውና የሚረጋው ዳርቻው ስለሚከብድ ነው። በዚያው ልክ ሰውየውም ይለወጣል። ነጩን ሲሠራ ያወራል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ እናቴን ስለ ዋጋ ይከራከራል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።

ጥለቱ ሰፊ አይደለም፤ ከሁለት ጣት አያልፍም። ሁለት ቀጭን ጥቁር ሰማያዊ መስመሮች፣ በመሐላቸው በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ምስር የሚያክሉ መስቀሎች። እናቴ ወርቀ ዘቦ አልፈለገችም። "ለሁሉም የሚሆን አድርግልኝ" ነበር ያለችው፤ ያኔ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። መስቀሎቹን ሲሠራ ፊቱ ንድፍ አልነበረም። ከድሩ ይህን ያህል ክር ያነሣል፣ ይህን ያህል ያልፋል፣ ባለ ቀለሙን ክር በጣቱ ያስገባል፣ ነጩን ማግ ይመልሳል፣ ይመታል። ቆጠራው ከንፈሩ ላይ ነው። አንድ ክር ቢስት ከዚያ በኋላ ያሉት መስቀሎች ሁሉ ይንጋደዳሉ። አንድ ጊዜ ሳተ። እኛ አላየነውም። እሱ ቆም ብሎ አራት መስመር ወደ ኋላ ፈታና እንደገና ጀመረ።

ጥሩ ጥለትን ከመጥፎው የሚለየው ጀርባው ነው። የሚቸኩል ሸማኔ ከአንዱ መስቀል ወደ ሌላው ባለ ቀለሙን ክር ሳያስር ይዘልላል፤ ፊቱ ያምራል፣ ጀርባው ላይ ግን ክሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ነጠላ ሁለት ሽፋን ስለሆነ ይደበቅልኛል ብሎ ነው። አይደበቅለትም። ጨርቁ ስስ በመሆኑ የተንጠለጠለው ክር ከነጩ ሥር እንደ ደም ሥር ያሳብቃል፤ ከታጠበ በኋላማ ይብሳል። የእናቴ ነጠላ ላይ የላይኛው ሽፋን መስቀሎች በታችኛው ላይ ልክ ገጥመው ነው የተኙት። ወደ ብርሃን ብታነሡት አንድ ረድፍ እንጂ ሁለት አታዩም።

የመጨረሻው ዘርፉ ነው። ሸማኔው ሲጨርስ የድሩን ጫፍ ሳይሠራው ይተወዋል፤ ያ የተበተነ ክር ቋጪ ዘንድ ይሄዳል። ሰፈራችን ውስጥ በሯ ላይ ተቀምጣ የምትቋጭ ሴት ነበረች። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጥቂት ክር ቆጥራ ለሁለት ትከፍላለች፤ ሁለቱንም ወደ አንድ አቅጣጫ ታከራለች፤ ከዚያ አንድ ላይ አድርጋ በተቃራኒው ትለቃቸዋለች። ሁለቱ ራሳቸው ተጠማዝዘው ይያያዛሉ፣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ይታሰራል። ክሩ ለመፈታት የሚያደርገው ትግል ራሱ ነው እንዳይፈታ የሚይዘው። በአማርኛ አንድ ጉዳይ ሲያልቅ ተቋጨ የምንለው ከዚህ ነው፤ መቀስ ቆርጦ ከሚጨርሰው ልብስ ይልቅ ጣት አክርሮ የሚጨርሰውን የምናውቅ ሰዎች ነን። አንዳንዱ ቋጪ ቆጠራውን ይተውና በግምት ይይዛል፤ አንዱ ዘርፍ የአይጥ ጅራት፣ ቀጣዩ ገመድ ይሆናል። ያቺ ሴት ትቆጥር ነበር።

ይህን ሁሉ የማውቀው አዋቂ ሆኜ ተወልጄ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ወሊሶ ለቅሶ ስሄድ የእናቴን ነጠላ ሳስቼለት ከአንድ ሱቅ ርካሽ ነገር ገዛሁ። ነጭ ነው፣ ጥለት አለው፣ ዘርፍ አለው፤ ከሩቅ ነጠላ ነው። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ፀሐይ በመስኮት ስትመታኝ ግን ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ፤ ክሩ ላስቲክ ነገር ነው፣ ላብ አይጠጣም። ትከሻዬ ላይ አልቆም ብሎ አሥር ጊዜ ሳነሣው ዋልኩ። የባሰው የደረስን ጊዜ ነው። ለለቅሶ ነጠላ ሲዘቀዘቅ ከታች ባት ላይ የነበረው ጥለት ወደ ላይ ይወጣል፤ አንገትና አገጭ ሥር ይገባል። ያ የሚያብረቀርቀው ክር አንገቴን እንደ ሳማ ለበለበኝ፣ ከጀርባው የተንጠለጠለው ደግሞ ጉትቻዬን ያዘ። ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሲያለቅስ፣ እኔ ጉትቻ አላቅቃለሁ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ አዝነው የማለቅስ መስሏቸው "አይዞሽ ልጄ" አሉኝ።

የእናቴ "ለሁሉም የሚሆን" ያኔ ነው የገባኝ። ጥለት በአዘቦቱ ከዐይን ሩቅ ነው፤ እታች ነው፣ ሰው የሚያየው ሲያልፍ ሲያገድም ነው። አንድ ቀን ግን ተገልብጦ ፊት አጠገብ ይመጣል፣ ጉንጭ ይነካል፣ እንባ ይጠረግበታል። ሸማኔው አራት መስመር ወደ ኋላ የፈታው ለዚያ ቀን ነበር።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ማታውኑ መስታወት ፊት አቆምኳት። መጀመሪያ ማጣፋቱን አሳየኋት፤ አንዱን ጫፍ በግራ ትከሻ ላይ አሳልፎ ጀርባ ላይ መጣል። ከዚያ መከናነቡን፤ ራስን ሸፍኖ ግራና ቀኙን ወደ ደረት ማውረድ። ቤተ ክርስቲያን የሚገባበትን መስቀለኛ። ሥራ ላይ ለምትሆን ሴት ወገብ ላይ ማሸረጡን። ቀድሞ ሰው ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ የሚያደርገውን ማደግደግ በቃል ብቻ ነገርኳት፤ እኔም ያየሁት በአያቴ ዘመን ሰዎች ላይ ነው። መጨረሻ ዘቀዘቅኩላት። ጥለቱን ወደ ላይ አዙሬ ከአገጯ ሥር ሳገባው ዝም አለች። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ልጅ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግን አትመስልም።

"ሙቀቱስ?" አለች ቆይታ። "ሁለት ድርብ ነው እኮ።"

ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እንደ እውነቱ ተጂ ያለችበት የበቾ ሜዳ ወይና ደጋ ነው፤ ቀትር ላይ ያቃጥላል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርዱ ቶሎ ይመጣል። ለዚህ ዐይነቱ ቀን ከነጠላ የተሻለ አላውቅም። በሁለቱ ስስ ሽፋኖች መሐል ያለው አየር ማታ ሙቀት ይይዛል፣ ቀን ደግሞ ልል የሆነው ሽመና ነፋስ ያሳልፋል። ሸፍኖ መቀዝቀዝ የበረሃ ሰዎችም ጥበብ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት የሲና በደዊኖች በዚያ ፀሐይ ጥቁር ቀሚስ ለምን ይለብሳሉ ብሎ ጠይቆ፣ ጥቁሩም ነጩም ለባሹ ገላ ላይ የሚያደርሱት ሙቀት እኩል ሆኖ አግኝቶታል፤ ጥቁሩ የሚስበው ትርፍ ሙቀት ልብሱ ሰፊና ልል በመሆኑ ገላ ሳይደርስ በአየሩ ይወሰዳል። ቁምነገሩ በገላና በጨርቅ መሐል ያለው ክፍተት ነው። ድሬዳዋና ጅግጅጋ ያሉ እናቶች ድሪያቸውን ሰፊ አድርገው የሚለብሱት ይህን ጥናት አንብበው አይደለም። የልጅቷ ሱሪ ላይ "ፀሐይ ይከላከላል" የሚል ምልክት ተለጥፎበታል፤ እግሯ ላይ ግን ተጣብቋል።

ጠዋት ከአየር ጤና ተነሣን። ዓለም ገናን ስናልፍ በ2002 ዓ.ም. ግድም ሥራ የጀመረውን፣ ቱርኮች የተከሉትን የአይካ አዲስን ፋብሪካ አሳየኋት፤ ለአውሮፓ ገበያ ቲሸርት ሲያመርት የነበረ ግዙፍ ነገር ነው። "እና እኛ የምንለብሰው እዚያ የተሠራውን ነው?" አለች። ሊሆን ይችላል። ሰበታ ላይ የሴቶቹን ገዳም፣ ጌቴሴማኒን፣ ስናልፍ ተሳለምኩ። ሰበታ ካለቀ ወዲያ መሬቱ ተዘርግቶ ይቀራል። ተፍኪን አለፍን። በክረምት አዋሽ ከዳርቻው ሲወጣ ይህ ሜዳ ውኃ ይለብሳል፤ ጥቁሩ አፈር ጫማ ላይ ሲጣበቅ እግር የሰው እግር አይመስልም፣ የነጠላ ዘርፍ ላይ ከያዘማ ሁለት እጥበት አያስለቅቀውም። የካቲት ላይ ግን ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ሽምብራው ታጭዶ፣ የጤፉ ጭድ በየክምሩ ቆሞ ነው። ልጅቷ ነጠላውን ጭኗ ላይ አጥፋ፣ ዘርፉን አንድ በአንድ ስትቆጥር ነበር።

ተጂ ድንኳኑ ከመንገድ ይታያል። ከመኪና ሳንወርድ ነጠላዋን አስተካከልኩላት፣ ጥለቱ ወደ ላይ። ቤቱ ኦሮምኛ ነው፤ እሷ ኦሮምኛ አትችልም፣ አማርኛዋም ለቅሶ ላይ አይመጣላትም። ግን የሚጠበቅባትን የነጠላው አቀማመጥ ተናግሮላት ነበር። ሐዘንተኞቹ ብድግ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፣ ንፍሮ መጣ፤ ሽምብራና ስንዴ፣ የዚያው ሜዳ እህል። በእፍኟ ይዛ ቀስ እያለች በላች።

አጠገቧ ጋቢ የደረቡ ባልቴት ነበሩ። የሟቿ የጡት እህት ናቸው አሉኝ በኋላ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ከልጅቷ አገጭ ሥር ጥለቱን ያዙ። ሁለቱን ሽፋን በአውራና በሌባ ጣታቸው መሐል አሽተው አንዱን በአንዱ ላይ አንሸራተቱ። ከዚያ ጫፉን ገለጥ አድርገው ጀርባውን አዩ። ዐይናቸው ደከም ያለ ነው፤ ያዩት በጣታቸው ይመስለኛል።

"ማን ፈተለው?" አሉ በአማርኛ።

ልጅቷ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ነገርኳቸው።

"አሉ?"

"የሉም እማማ። ዘጠኝ ዓመታቸው።"

ራሳቸውን ነቀነቁና ጥለቱን መልሰው አገጯ ሥር አስገቡላት፤ አስገብተውም በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት፣ ሸማኔው ማግ እንደሚመታ።

ማታ ስንመለስ ነፋሱ በርትቶ ነበር። ተከናንባ መስኮቱን ተደግፋ ነበር ልጅቷ። "አክስቴ፣ ተፈታ" አለች ድንገት። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ረግጦት ይሁን የፍራሹ ጫፍ ይዞት፣ ከዘርፉ ሦስት ቋጠሮ ተፈትቷል፤ ክሩ ተበትኖ እንደ ባዘቶ ሆኗል። ተቀበልኳት። መብራት ስለሌለ በጣቴ እየቆጠርኩ ለሁለት ከፈልኩት፣ ጉልበቴ ላይ አከረርኩት፣ አንድ ላይ አድርጌ ለቀቅኩት። የመጀመሪያው ወፈረ። ፈታሁት። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ከእጄ አመለጠ፣ እንደገና ጀመርኩ። ሰበታ ስንደርስ ገና ሁለተኛው ላይ ነበርኩ።